የይመር ቋሊማ

ሰው ልጅነቱን ሲያነሣ የአበባ ሽታ ይጠራል፣ የዝናብ ሽታ ይጠራል። እኔ ምን አስዋሸኝ፤ የእኔ ልጅነት የሚሸተው በሎሚ የታጠበ የበሬ አንጀት ነው። ባለፈው አረፋ ወደ ተወለድሁባት ወደ መርሳ ስሄድ ገና ከባጃጅ ሳልወርድ ያ ሽታ ከአጥሩ አልፎ ተቀበለኝና ባለሁበት ቀረሁ። ፈርቼ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ሰውነቴ ያንን ክረምት አልረሳውም።

ጓሮ ስገባ የቤቱ ልጆች የአንጀቱን ሳፋ ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ የፓፓያ ቅጠል ዘንግ ቆርጣ አቀበለችኝና «ድሮ ነፊዋ አንቱ ነበሩ አሉ። እስቲ ይንፉልን» አለችኝ። ነፋሁ። ትንፋሼ ከግማሽ ሳያልፍ አለቀና ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀና ስል ማድ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው በላይ የተዘረጋውን ገመድ አየሁት። ከሁሉም ዳር ላይ በቀይ ክር የታሰረ አንድ ያምና ቋሊማ ጥቁር ብሎ ተንጠልጥሏል። ሳቄ እዚያው ቀረ።

በእኛ ሰፈር ቋሊማ ማለት እቴ ሐዋ ማለት ነበር። እቴ ሐዋ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እኛው ግቢ ይኖሩ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው ከቢላቸው የማይተናነስ ሴት ነበሩ። አረፋ ሲደርስ ሰፈሩ ተዋጥቶ በሬ ያርዳል፤ ሥጋውን ሁሉም ቤቱ ይወስዳል፣ አንጀቱ ግን ወደ እቴ ሐዋ ይመጣል። በውኃ ይገለበጣል፣ በቢላ ጀርባ ይፋቃል፣ በጨውና በጓሯችን ሎሚ እየታሸ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠባል። ከዚያ የእኔ ተራ ነው። በፓፓያው ዘንግ እነፋዋለሁ። ቀዳዳ ካለው ትንፋሼ በጎን ይወጣል፤ እቴ ሐዋ በጣታቸው ይዘው በክር ይቋጥሩታል። አሥር ዓመቴ ነበር፤ በመርሳ እንደኔ የሚነፋ የለም ይባል ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

ሥጋው በቢላ ተከትክቶ ደቆ፣ ከጮማ ጋር በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በበርበሬና በጨው ይለወሳል። በቅል አንገት እንደ ማንቆርቆሪያ እያደረጉ አንጀቱን ይሞሉታል። ከዚያ ገመዱ ላይ ይሰቀልና ጭስ እየጠጣ ይደርቃል።

በእኛ ቤት ታዲያ አንድ ሥርዓት ነበር፤ እቴ ሐዋ ከናታቸው ያመጡት ነው። ለቤቱ ነፍስ ሁሉ አንድ አንድ ቋሊማ ይታሰራል፤ የእያንዳንዱ ክር ቀለሙ ለየቅል ነው። የእኔ ቢጫ፣ የታላቅ ወንድሜ የይመር አረንጓዴ። ሲያስሩ «ቢስሚላህ፣ ይህ የመዲና» እያሉ ስም ይጠራሉ። የራስህን ትበላለህ፤ የሰው አትነካም። አገር የለቀቀ ሰው ካለ ቋሊማው እስኪመለስ ሳይቆረጥ ይጠብቀዋል። ዓመት ዞሮ ካልመጣም አዲስ ይታሰርለትና አሮጌው ለመንገደኛ ይሰጣል። የሄደ ሰው ቋሊማ የሚቆረጠው ሞቱ ሲሰማ ብቻ ነው፤ ያኔ ለለቀስተኛ ይከፋፈላል። የሰፈራችን ሸህ ይህን ሲሰሙ «ሐዋ፣ ይኸ ደሞ ከየትኛው ኪታብ ነው?» ይሏቸው ነበር። እቴ ሐዋ «ከሆድ ነው፣ ሸሄ» ብለው ይመልሳሉ። ግን ቀስ በቀስ ሰፈሩ ሁሉ ይህንኑ ለመደ፤ ማን ምን ቀለም እንዳለው ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ የልጅ ነገር፣ ሰውን በሕይወት የሚያቆየው ያ ክር ይመስለኝ ነበር።

ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ የተጠጋው አሥር በሞላኝ በዚያ ዓመት፣ በደርግ ማብቂያ ነው። ወታደር የጫኑ መኪናዎች አስፋልቱን ይዘው ወደ ወልድያ ያልፋሉ፤ የተጫኑት ልጆች እየዘፈኑ ነው የሚያልፉት። እየዘፈኑ ሲሄዱ ሳይ ሠርግ የሚሄዱ እየመሰለኝ እጄን አወዛውዝላቸው ነበር። አንድ ሁለቱ ያወዛውዙልኛል። አንድ ቀን እናቴ አየችኝና እጄን ይዛ ጎትታ አስገባችኝ፤ ለምን እንደምታለቅስ አልነገረችኝም።

ይመር ወልድያ ቤት ተከራይቶ ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር። ሰኔ ላይ ለውትድርና አፈሳ ሲጀመር ከክፍሉ በመስኮት ዘልሎ ወጣና በማሽላው መሀል መሀል፣ አስፋልቱን ሳይረግጥ ሁለት ቀን ተጉዞ ቤት ገባ። አባቴ ሲያየው ደስ አላለውም። በሩን ዘጋና «ማን አየህ?» አለው።

«ማንም።»

«ማንም ካላየህ አልመጣህም። አሰብ አጎትህ ዘንድ ሄደሃል፤ ወደብ ላይ ሥራ ይዘሃል። ገባችሁ?» ብሎ ሁላችንንም በየተራ አየን። እኔ ላይ ሲደርስ ቆየ።

ጓዳችን ውስጥ ሁለት ጎታ ነበረን፤ እህል የሚቀመጥባቸው፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ሰው የሚያክል። አንዱ ባዶ ነበር። ውሻ በጮኸ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይመር እዚያ ውስጥ ይገባና ከላይ በሰፌድ ይከደናል። የጎታው ሥር እህል ማውረጃ ቀዳዳ አለው፤ በጨርቅ ይወተፋል። ጨርቁን አውጥቼ በዚያ ቀዳዳ አዋራዋለሁ። «ውጭ ምን አለ?» ይለኛል። ዶሮዋ ጫጩት ፈለፈለች፣ የሎሚው ዛፍ አበበ፣ ሰይድ አዲስ ቆብ አደረገ እያልሁ እነግረዋለሁ።

ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። የጎረቤታችን የእማ ፋጤ አንድ ልጅ ነው። ከይመር ጋር በአንድ ወር ነው የተወለዱት፤ እናቴ ስትታመም ይመርን እማ ፋጤ አጥብተውታል ይባላል። በአንድ ትሪ በልተው፣ በአንድ ወንዝ ዋኝተው ያደጉ ናቸው። የእሱ ክር ቀይ ነበር። በዚያ ዓመት ሰይድ አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ያዘ፤ ጠመንጃ የያዘው ከጦር ሜዳ ለመቅረት እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ ግን ጠመንጃውን ሳይ አጥር ሥር እደበቅ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «መዲና፣ ይመር ደብዳቤ አልጻፈም?» ይለኛል። «አሰብ ነው» እላለሁ። «አሰብ እንደሆነማ አውቃለሁ፤ ጻፈ ወይ ነው ያልሁሽ።» «አሰብ ነው» እላለሁ መልሼ፣ ሌላ ቃል እንዳያመልጠኝ። ይስቅና ጸጉሬን ጎተት አድርጎ ይሄዳል። በዚያ ክረምት ጨዋታ ተውሁ። መኝታዬንም ማርጠብ ጀመርሁ፤ በአሥር ዓመቴ።

ለአረፋ ጓሯችን እንደ ወትሮው ሞላ። ሰይድ ጠመንጃውን ሎሚው ላይ ሰቅሎ ሥጋ ሲከተክት ዋለ። እቴ ሐዋ አረንጓዴውን ክር ሲያወጡ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ቢስሚላህ፣ ይህ የይመር፣ አሰብ ላለው ልጄ!» አሉ። ይመር ከእሳቸው አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ ጎታ ውስጥ ተቀምጧል። ሰይድ እጁን እየጠረገ «ሲመጣ ግማሹ የእኔ ነው፤ ይቺን ይወቃት» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ወደ ጓዳው ዞር ስል አንጀቱ ከእጄ አመለጠና እቴ ሐዋ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

የእኛ ቤት ቋሊማ አበሳሰል ቀላል ነው። ሁለት ጣት ያህል ቆርጠህ፣ በሙቅ ውኃ አለስልሰህ፣ ከትከት አድርገህ መጥበሻ ላይ ትጥላለህ። ዘይት አያሻውም፤ ራሱ ጮማውን ያወጣል። ሽንኩርት ትጨምራለህ፣ ቲማቲም ካለ ቲማቲም፣ የማሽላ እንጀራ ትፈረፍርበታለህ። ወይም ሽሮ ሲንተከተክ ትቆራርጥበታለህ። እቴ ሐዋ «ጨው የጨመረበትን እጁን እቆርጣለሁ» ይሉ ነበር፤ ጨዉ በቂ ነዋ። ሁሉም ከራሱ ቋሊማ ይቆርጣል፣ አንድ መጥበሻ ላይ ይጠበሳል፣ አብረን እንበላለን። በዚያ ክረምት እናቴና እቴ ሐዋ የራሳቸውን ለይመር እየቆረጡ ሰጡ። እኔ ሆዳሟ የራሴን በሁለት ሳምንት ጨረስሁት። ነሐሴ ሲጋመስ ገመዱ ላይ የቀረው የአባቴ ትንሽ ጉራጅና የይመር ሙሉው ብቻ ነበር።

ይመርን ያኔ ወባ ያዘው። ሐኪም ቤት መውሰድ የለ፣ ሐኪም ማምጣት የለ። እናቴ በድብቅ ያገኘችውን ኪኒን ሰጠችው፤ ትኩሳቱ ሲወርድ ግን እህል እምቢ አለው። ሁለት ቀን ምንም አልቀመሰም። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ አንገቱ ቀጥኖ ሳየው ክሩ እየላላ ነው ብዬ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ እህል ሊሸጥ ግራና የሚባለው ገበያ ወረደ። እናቴና እቴ ሐዋ ወንዝ ማዶ ለቅሶ ነበረባቸው፤ ካልደረሱ ሰው ምን ይላል ብለው ሄዱ። «በሩን ዝጊ፣ ለማንም እንዳትከፍቺ፤ ሾርባውን አጠጪው» ብላኝ ነው እናቴ የሄደችው። ይመር ሾርባውን በእጁ ገፋው።

«ታዲያ ምን ይምጣልህ?» አልሁት።

«ቋሊማ በእንቁላል» አለኝ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። ሊቀልድ ነው ያለው።

እኔ ግን በጣም ደስ አለኝ። ይመር እህል አማረው ማለት ይድናል ማለት ነው። ማድ ቤት ገብቼ ገመዱን ቀና ብዬ አየሁት። የአባቴን ልቁረጥ? የሰው አይነካም፤ ባለፈው ዓመት ነክቼ በአለንጋ ተገርፌበታለሁ። የይመር ግን የራሱ ነው። የሄደ ሰው ቋሊማ አይቆረጥም ያሉት ለሄደ ሰው ነው፤ ይመር ደግሞ አልሄደም፣ እዚሁ ነው። ወላሂ፣ ዛሬ ሳስበውም ስሕተቱን አላገኘውም። በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድሁት፣ አራት ጣት ያህል ቆረጥሁ፣ ጫፉን በአረንጓዴው ክር መልሼ አሰርሁና ሰቀልሁት። ሁለት እንቁላል መታሁበት። መጥበሻው ሲንጫጫ ራሴን እንደ ትልቅ ሴት ቆጥሬ ነበር።

ይመር ሁሉንም በላው። ሳህኑንም በእንጀራ ጠረገው። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለና ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለልኝ። «ከማን ነው የቆረጥሽው?»

«ከራስህ።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ሲከፍት ውሻው ጮኸ።

ጎታው ውስጥ ሲገባ ሰፌዱን የከደንሁበት እኔ ነኝ። ሳህኑን ይዤ ማድ ቤት ስደርስ የግቢው በር ተገፍቶ ተከፈተ። ሰይድና አንድ ከአውራጃ የመጣ ነው የተባለ ወፍራም ሰውዬ ገቡ። ሰውዬው ወረቀት ይዟል። «ይመር የሚባለው የዚህ ቤት ነው?» አለ።

«አሰብ ነው» አልሁ።

«ሁሉም አሰብ ነው፤ አሰብ እንዴት አድርጎ እንደቻላችሁ እንጃ። አንተ ጓሮውን እይ፤ ቤቱን እኔ አያለሁ» ብሎ ሰይድን አዘዘና ዘንግ ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

ተከትዬው በሩ ላይ ቆምሁ፤ ዘንጉ ጆንያዎቹን ሲወጋ ይሰማኛል። ከዚያ የመጀመሪያውን ጎታ መታው፤ እህል ያለበት ነውና ድፍን ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውን ሊመታ ነው። እኔ ሽንቴ በእግሬ መሀል ወረደ፤ አልዋሽም።

በዚያው ሰዓት ሰይድ ከማድ ቤቱ ውስጥ «መዲና» ብሎ ጠራኝ። ድምፁ የሰይድ አልመስል አለኝ። ሄድሁ። ገመዱ ሥር ቆሟል፣ አረንጓዴውን ክር በሁለት ጣቱ ይዟል፣ ቆቡን አውልቋል።

«ይኸ የይመር አይደለም?» አለኝ። «ለምን ተቆረጠ?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ ጠጪዎች፤ እኛን ቋሊማ ሊያወጣን ነው አልሁ በልቤ። ሰይድ ግን ያሰበው ሌላ ነው። «ሞተ እንዴ?» አለ። «መዲና፣ ወንድሜ ሞተ?» ምድጃው አጠገብ በጉልበቱ ወደቀና እንደ ሴት ጮኾ አለቀሰ።

ሰውዬው ጩኸቱን ሰምቶ ከጓዳ ወጣ። ሁለተኛው ጎታ ሳይመታ ቀረ።

አብዮት ጠባቂ ቤታችሁ ገባ የሚል ሰው ደርሷቸው ኖሮ እቴ ሐዋ ቀድመው እየሮጡ ደረሱ። ሰይድን አዩ። ክሩን አዩ። እኔንና መጥበሻውን አዩ፤ መጥበሻው ጠርዝ ላይ የእንቁላል ቅሪት አለ። አይተው እስኪጨርሱ አንድ ጊዜ ነው የተነፈሱት። ከዚያ ሻሻቸውን ከራሳቸው አውርደው አመዱ ላይ ተቀመጡ።

«ልነግርህ አቅም አጥቼ ነው፣ ልጄ» አሉት ሰይድን። «መርዶው ትናንት ከአሰብ መጣ። አባቱ ከገበያ ሳይመለስ ለቅሶ አናወጣም ብለን ነው።»

«ማስረጃ አላችሁ?» አለ ሰውዬው።

«ያውልህ ተሰቅሏል» አሉ እቴ ሐዋ ወደ ገመዱ እየጠቆሙ። ሰውዬው አልገባውም። ሰይድ ነው እንባውን በቆቡ እየጠረገ የክሩን ሥርዓት ያስረዳለት። ሰውዬው የሚያሾፉበት መስሎት ፊቱን አጠቆረ።

እናቴ የደረሰችው ይኼኔ ነው። እሷ ልጇን በትኩሳት ትታው የሄደች ናት። ሰይድ መሬት ላይ ሲያለቅስ፣ እቴ ሐዋ ራሳቸውን ገልጠው አመድ ላይ ስታያቸው፣ ይመር ጎታ ውስጥ የሞተ መሰላት። ከእናቴ ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። መሬት ላይ ተዘረረች። ማንም ሊነግራት አልቻለም፤ ሰውዬው ቆሞ ያያል። እኔም አልነገርኋትም። ሰውዬው ትንሽ ቆየና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሠርዞ ወጣ።

እውነቱን የሰማችው እቴ ሐዋ ውኃ ሊያጠጧት አስመስለው ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ሲሉ ነው። ለቅሶዋን አላቆመችም። ማቆም አትችልም ነበር፤ ግቢው በሰው ሞልቷል።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። አባቴ ከግራና እህሉን ሳይሸጥ ተመለሰና የልጁ ለቅሶ ላይ ደረሰ። እቴ ሐዋ ጓዳ ወስደው ነገሩት። ወጥቶ እንግዶቹ መሀል ሲቀመጥ ሸሁ ሩቅ አገር ለሞተ የሚሰገደውን ሶላት እንስገድ አሉት። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ «ሸሄ፣ ሶላቱ ይቆየን፤ ዱዓ አድርጉልኝ» አለ። ኋላ እናቴን ሲላት ሰማሁት፤ «ሰው ፊት ዋሸሁ፤ አላህ ፊት ቆሜ ግን አልዋሽም። ዱዓ ለሕያውም ይሆናል» አላት። ሰዉ እጁን ዘርግቶ ለይመር «አላህ ይማረው» ሲል እኔ በልቤ ከወባው፣ ከወባው እል ነበር።

ጎታው በለቀስተኛው ክፍልና በጓዳው መሀል ባለው ግድግዳ ጀርባ ነው። ይመር የራሱን ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ አዳመጠ። ውኃ ላቀብለው ቀዳዳው ጋ ስጠጋ «ያ የሚያለቅሰው ሰይድ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ንገሪው በናትሽ። ለእሱ ብቻ።»

«አልነግረውም» አልሁት። «ጠመንጃ ይዟል።» ጨርቁን ከውስጥ ስቦ ቀዳዳውን ወተፈብኝ።

በሦስተኛው ቀን እቴ ሐዋ አረንጓዴውን ክር ፈቱት። ምን ያድርጉ፤ ሰፈሩ ይጠብቃል። የቀረውን ከትክተው በሽንኩርት ጠብሰው፣ በማሽላ እንጀራ ላይ ለለቀስተኛው ሁሉ አንድ አንድ ጉርሻ አዳረሱ። በሕይወት ያለ ልጃቸውን ክር በገዛ እጃቸው መፍታታቸው ነው። ለሰይድ ሲያጎርሱት «ግማሹ የእኔ ነው ብዬው ነበር» አለ፤ እያለቀሰ ዋጠው። ለእኔም ደረሰኝ። ጥርሴ መሀል ይዤው ወጥቼ ከሎሚው ሥር ተፋሁት። የወንድሜን ሕይወት የምበላ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሰይድ አንድ ቀን ከሰዓት መጣ። ጠመንጃ አልያዘም። በእጁ በቀይ ክር የታሰረ ቋሊማውን ይዟል፤ ገና አጋማሹን እንኳ አልበላውም።

«ከቀበሌያችን አንድ ሰው ጎደለ ተባለ» አላቸው እቴ ሐዋን። «ይመር ከዝርዝሩ ሲወጣ ቦታው ባዶ ቀረ። ሌላ ከሚፈለግ አንተው ሙላው አሉኝ። ነገ እንሄዳለን።»

እቴ ሐዋ በርጩማ ሳቡለት፤ አልተቀመጠም።

«ይኸን እቤት ብሰቅለው እናቴ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች። እናንተ ገመድ ላይ ይሁንልኝ። እንዳትቆርጡብኝ ብቻ» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ እኔን አየኝ። «መዲና፣ ሲርብሽ የእኔን እንዳትነኪ።»

ጎታው ሰይድ ከቆመበት ሁለት እርምጃ ነው፤ መሀላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እቴ ሐዋ አፋቸውን ከፈቱ። ይነግሩታል ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየቻቸው፤ ዓይኗ ብቻ ነው የለመነው። እቴ ሐዋ አፋቸውን ዘጉ። ቋሊማውን ተቀብለው ሰቀሉትና ግንባሩን ሳሙት። «አላህ ይመልስህ» አሉት።

ሰይድ ከአጥሩ ሲወጣ ጎታው ላይ ያለው ሰፌድ ተንቀሳቀሰ። ይመር ሊወጣ ነው። እናቴ ሮጣ ገብታ ሰፌዱ ላይ ሁለት እጇን ጫነች። ሰይድ መንገዱን ይዞ እስኪርቅ ድረስ አላነሣችም። ከሥሩ ካለው ቀዳዳ የይመር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቃል አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መድፉ ቀረበ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ባዶ ተገኘ። የመንግሥት መኪናዎች ሁሉ ወደ ደሴ ሸሹ። አባቴ በሩን ከፈተና «ውጣ» አለው። ይመር ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው፤ ግቢው መሀል እንደ ሕፃን እየተንገዳገደ ቆመ። ቋሊማውን ጎርሰው የነበሩ ሴቶች አይተውት በአጥር ዘለሉ፤ አንዷማ የጎረስሁትን መልሱልኝ እያለች ሳምንት አወራች ይባላል። እኛም ከስንት ወር በኋላ ሳቅን።

ሳቁን ያቆሙት እማ ፋጤ ናቸው። ጩኸት ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ይመርን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ቀርበው ጉንጩን ነኩት፣ ክንዱን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት።

«አለህ» አሉት።

«አለሁ፣ እማ።»

«ልጄ አልቅሶልህ ነው የሄደው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰይድ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። በሚቀጥለው አረፋ እቴ ሐዋ አንጀቱን ሊሞሉ ሲቀመጡ እማ ፋጤ ቀይ ክር ይዘው መጡና ምንም ሳይሉ አጠገባቸው አስቀመጡት። ነፋሁት። እቴ ሐዋ አሰሩት። እሳቸው ሲሞቱ እማ ፋጤ አሰሩት። እማ ፋጤም ሲሞቱ ሌላ ሰው ያዘው።

ባለፈው አረፋ እንግዲህ ልጆቹ ከሳቁብኝ በኋላ ይመር መጣ። ጢሙ ሸብቷል፣ መነጽር ያደርጋል። ያምናውን ቀይ ቋሊማ ከገመዱ አውርዶ በላስቲክ ጠቀለለና አስፋልቱ ዳር ወጣ፤ ለአንድ ወደ ቆቦ ለሚሄድ የጭነት መኪና ረዳት ሰጥቶት ተመለሰ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና የፓፓያውን ዘንግ አቀበለኝ።

«የሰይድን አንቺ ንፊው» አለኝ።

ሦስት ጊዜ አርፌ ነፋሁት። ቀዳዳ አልነበረውም። ይመር ሞላው፣ ቀዩን ክር ከኪሱ አወጣ፣ «ቢስሚላህ፣ ይህ የሰይድ» አለ። ሲያጠብቀው ከንፈሩ መንቀሳቀሱን ስላየሁ ዱዓ መስሎኝ ጠጋ አልሁ።

«ሰይዶ፣ አልሞትኩም» ይላል።

ልጆቹን ጠየቅኋቸው። በየዓመቱ እንዲሁ እንደሚል ነገሩኝ።